ገበጣ ለመመረቂያ ፕሮጀክት አይሆንም ያለው ማነው?

ሰሞኑን ተመራቂ ተማሪዎች የፕሮጀክት ርዕስ የሚያስጸድቁበት ጊዜ ስለሆነ ነገሩ ሳይበርድ ልናገር። ረጅም ጽሑፍ ነው፤ ቡና ያፈላ ቡናውን ይዞ ይቀመጥ።

«ጌም ልትሠራ ነው እንዴ ዩኒቨርሲቲ የገባኸው?»

ይቺን ንግግር አባት ሲናገራት ይገባኛል። ልጁን ያየው ፕሌይስቴሽን ቤት ደጃፍ ላይ ነው፤ ሳንቲሙን ሲጨርስ፣ ደብተሩን ሲረሳ ነው። ጎረቤት ሲናገራትም አልፈርድም፤ ጎረቤት የማይለው የለም። የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር፣ ያውም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ለተመራቂ ተማሪ ሲናገራት ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

አቋሜን ከፊት ላስቀምጥ። ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ልጅ ከባዶ ተነሥቶ በራሱ እጅ የሠራው አንድ ትንሽ ጌም፣ ከሰው ተቀብሎ ስሙን ከቀየረው አሥር «ማኔጅመንት ሲስተም» ይበልጣል። ጌም የሚለውን ቃል ሲያይ ብቻ ፕሮፖዛሉን የሚመልስ ዲፓርትመንት ተማሪውን ወደ ኮፒ እየገፋው ነው።

«አንተ ደግሞ ማነህ?» የሚል አይጠፋም። እኔ የሁለተኛ ደረጃ የአይሲቲ መምህር ነኝ። ያለኝ ዲፕሎማ ነው፤ ማስተርስ የለኝም፣ ጆርናል ላይ ያሳተምኩትም የለም። ግን እነዚህን ልጆች ዘጠነኛ ክፍል ላይ ከማውዝ አያያዝ ጀምሬ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ስድስት ኮምፒውተር ላይ ስድሳ ልጅ እያፈራረቅኩ። ስልካቸው ላይ ኮድ ጽፈው «ቲቸር፣ እዩልኝ» ሲሉኝ የነበሩ ልጆች ግቢ ገብተው በአራተኛ ዓመታቸው ምን ሆነው እንደሚመለሱ የማየው እኔ ነኝ። ስለዚህ ያገባኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አለ። ስሙንም ግቢውንም አልጠራም፤ ገና አልተመረቀም፣ ጣጣ እንዳይመጣበት። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ገበጣን ስልክ ላይ የሚያጫውት አፕ ሊሠሩ ፕሮፖዛል አስገቡ። ሰው ከማሽኑ ጋር ይጫወታል፤ ሁለት ሰዎችም አንዱ ጎንደር አንዱ ሐዋሳ ሆነው በኢንተርኔት ይጫወታሉ። ፕሮፖዛሉን ልኮልኝ አንብቤዋለሁ። የገበጣ ሕግ ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ ጽፈዋል፤ ሽማግሌዎች ጠይቀው ሦስት ዓይነት አጨዋወት መዝግበዋል።

ተመለሰ። ምክንያቱ አንድ መስመር ናት፦ «ጨዋታ ነው፤ የማኅበረሰቡን ችግር አይፈታም። ሲስተም አምጡ።»

አሁን እነዚያ ሦስት ልጆች ምን እየሠሩ እንደሆነ ልንገራችሁ? የቡቲክ ማኔጅመንት ሲስተም። ቡቲኩ የትኛው ነው ስላቸው «ቡቲክ እንኳ የለም ቲቸር፣ ዝም ብለን ነው» አሉኝ።

እስቲ ስለዚህ «ሲስተም» ስለሚባለው ነገር በግልጽ እናውራ። ግቢ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። የሆቴል ማኔጅመንት፣ የክሊኒክ ማኔጅመንት፣ የቤት ኪራይ፣ የተማሪ ምዝገባ። ውስጡ ሲከፈት አንድ ነው። ሎግኢን አለ፣ ፎርም አለ፣ ዳታቤዝ ውስጥ የሚያስገባ ቁልፍ አለ፣ የሚያጠፋ ቁልፍ አለ፣ ሪፖርት የሚያወጣ ገጽ አለ። መሥራቱ በራሱ ነውር አይደለም። ሥራ ዓለም ውስጥ እንጀራ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። አንድ ተማሪ እውነተኛ ክሊኒክ ሄዶ፣ ካርድ ክፍል የምትሠራዋን ሴትዮ ጠይቆ፣ ወረፋውን ቆጥሮ፣ ሠርቶ ቢያስረክብ ቆሜ ነው የማጨበጭብለት። እንደዚያ የሚሠሩም አሉ፤ እነሱን አይመለከትም።

በብዛት የሚሆነው ግን ሌላ ነው። የአምናው ባች ኮድ በፍላሽ ይመጣል። ካልመጣ ቴሌግራም ላይ ይገኛል። ካልተገኘ ይገዛል። «ሆቴል» የሚለው «ሆስፒታል» ይሆናል፣ «እንግዳ» የሚለው «ታካሚ» ይሆናል፣ ሎጎው ይቀየራል። ዶክመንቱ 80 ገጽ ሆኖ ይጠረዛል። ዲፌንስ ላይ ቀለሙ ለምን ሰማያዊ ሆነ ይባላል። በሱፍ ፎቶ ይነሣሉ። ከዚያ በኋላ ያንን ሲስተም ከፍቶ የሠራበት አንድ ሆቴል አሳዩኝ። የማኅበረሰብ ችግር ፈታ ተብሎ ነጥብ የተሰጠው እንግዲህ ይሄ ነው።

አሁን ወደ ገበጣው እንምጣና ውስጡ ያለውን እንቁጠር።

በቀላሉ አጨዋወት እንጀምር። ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ 6 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር። ሲደመር 12 ጉድጓድ፣ 48 ጠጠር። ይሄንን ኮምፒውተር ውስጥ ለማስቀመጥ አሬይ ያስፈልጋል። ከአንዱ ጉድጓድ ጠጠሩን አንሥቶ አንድ አንድ እየጣሉ መሄድ፣ መጨረሻው ጉድጓድ ላይ ሲደርሱ ወደ መጀመሪያው መዞር አለ። ይሄ ቁጥር ሲካፈል የሚተርፈውን መጠቀም ነው። «ቲቸር፣ ሞዱሎ ምን ይሠራልናል?» ትሉኝ የነበራችሁ፣ መልሱ ይኸው። ሦስት ዓይነት ሕግ በአንድ ፕሮግራም ማስተናገድ፣ ነገ አራተኛው ሲመጣ የተሠራው ሳይፈርስ መጨመር ደግሞ ኦብጀክት ኦሪየንትድ ፕሮግራሚንግ የተባለው ኮርስ የተሰጠበት ምክንያት ነው።

ማሽኑስ እንዴት ይጫወታል? በየተራው ቢበዛ 6 ምርጫ አለ። ማሽኑ 6 ተራ ወደፊት ላስብ ቢል እስከ 46,656 መንገድ ሊያይ ነው። 10 ተራ ልሂድ ቢል ከ60 ሚሊዮን ያልፋል። በርካሽ ስልክ ይሄ ሁሉ ይታሰብ ከተባለ ተጫዋቹ እየጠበቀ እንቅልፍ ይወስደዋል። ስለዚህ የማይረባውን መንገድ ገና ከጅምሩ መቁረጥ ያስፈልጋል። ሚኒማክስና አልፋ ቤታ የሚባሉት ዘዴዎች እዚህ ነው የሚገቡት። የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኮርስ ላይ ለፈተና ተሸምድደው በማግስቱ የሚረሱት እነዚሁ ናቸው።

ጎንደርና ሐዋሳ ያሉት ልጆች እየተጫወቱ ኔትወርክ ቢሄድስ? ጠጠሩ ተነሥቶ ሳያልቅ መስመሩ ጠፋ። ትክክለኛው ሰሌዳ የማን ነው? አንዱ ብልጥ ኮዱን ነካክቶ ለራሱ ጠጠር ቢጨምርስ ማን ያየዋል? ይሄ ኔትወርኪንግ ነው፣ ሴኪዩሪቲ ነው። ሽማግሌ ጠይቆ የተለያየውን ሕግ መመዝገብ ደግሞ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ላይ «ሪኳየርመንት» ተብሎ የሚሰበከው ሥራ ነው፤ ልጆቹ ሠርተውት ነበር የመጡት።

ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይቀመጣል። የኮምፒውተር ሳይንሱ ፈተና ምን እንደሚጠይቅ አንብባችሁታል፤ ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ስትራክቸርና አልጎሪዝም፣ ኔትወርክ፣ ሴኪዩሪቲ፣ ኤአይ፣ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ። በሽማግሌ ጠጠር የሚሠራው «ጨዋታ» ከነዚህ ስንቱን እንደነካ ራሳችሁ ቁጠሩ። ከዚያ የቡቲኩን ቁጠሩ።

ሌላም ነገር አለ። ጌም ለማታለል አይመችም። ሪፖርቱ የተሳሳተ ሲስተም ዲፌንስ ላይ ሳይታወቅበት ሊያልፍ ይችላል፤ ማንም ቁጭ ብሎ አይደምረውም። ገበጣው ላይ ጠጠሩ 48 መሆኑ ቀርቶ 47 ከሆነ ግን የሰፈር ልጅ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው «ተበላሽቷል» ይላችኋል። ከዚህ የተሻለ ፈታኝ የት ይገኛል?

ገበጣ ቀስ ያለ ጨዋታ ነው። የሚሮጥ፣ የሚዘል ነገር ያለበት ጌም ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ምስሉ በሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳል ካልን ለእያንዳንዱ ምስል ያለን ጊዜ 16 ሚሊሰከንድ ከምናምን ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ የጣት ንክኪው መነበብ፣ የሁሉም ነገር ቦታ መሰላት፣ ማን ከማን ጋር እንደተጋጨ መታየት፣ ሥዕሉ መሣል አለበት። ባሕርይው ሲዘል የሚሄድበት መስመር ፊዚክስ ላይ የተማራችሁት ፕሮጀክታይል ነው። ጠላት ወደ እናንተ ሲዞር ቬክተርና ትሪጎኖሜትሪ ነው። «ሳይንና ኮሳይን በሕይወቴ ምን ያደርግልኛል?» የሚል ተማሪ በየዓመቱ አለኝ። አንድ ቀስት ስክሪን ላይ ወደ ፈለገው አቅጣጫ እንዲወረውር ያዘዝኩት ልጅ ግን ያንን ጥያቄ ዳግም አልጠየቀኝም።

«እሺ፣ ግን ቁም ነገር አይደለም» ለሚሉ መምህራን የራሳቸውን ሙያ ታሪክ ላስታውሳቸው።

በፈረንጆቹ 1969 ኬን ቶምፕሰን የሚባል የቤል ላብ ፕሮግራመር «ስፔስ ትራቭል» የሚል ጌም ጽፎ ነበር። ትልቁ ማሽን ላይ መጫወቱ ብዙ ወጪ ስለሚያስወጣ፣ ብዙም ሰው የማይፈልጋት ፒዲፒ-7 የምትባል ማሽን አግኝቶ ጌሙን ወደዚያ አዛወረው። ለዚያች ማሽን የጀመረው ሥራ አድጎ ዩኒክስ ሆነ። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ኮርስ ላይ የምታስተምሩት ዩኒክስ! ኪሳችን ውስጥ ያለው አንድሮይድ ከሥሩ ሊኑክስ ነው፤ ሊኑክስም የዩኒክስን አሠራር ተከትሎ የተሠራ ነው።

አሁን ሁሉም ሰው ኤአይ ኤአይ ይላል። መንግሥትም በ2016 ዓ.ም አምስት ሚሊዮን ኮደር ለማሠልጠን ሲነሣ ኤአይን ከትምህርቶቹ አንዱ አድርጎታል። ጥሩ ነው። ይሄ ኤአይ የሚሮጥበት ጂፒዩ የሚባለው ዕቃ ግን ያደገው በጌም ገበያ ነው። በ2012 የምስል መለየት ውድድሩን አሸንፎ የአሁኑን ግርግር ያስነሣው አሌክስኔት የሠለጠነው በሁለት የጌም ካርዶች ነው። ልጆች ጌም ለመጫወት በሚገዙት ካርድ።

ዴሚስ ሀሳቢስን ውሰዱ። በ17 ዓመቱ «ቲም ፓርክ» የሚባለውን ጌም ከሠሩት አንዱ ነው፤ ጌሙ በ1994 ወጣ። ከዚያ ካምብሪጅ ገብቶ ኮምፒውተር ሳይንስ ተማረ። ተመርቆም ተመልሶ የጌም ድርጅት አቋቋመ። በኋላ በ2010 ዲፕማይንድን ከጓደኞቹ ጋር መሠረተ፤ በ2024 የፕሮቲንን ቅርጽ በኤአይ በመተንበይ ሥራው የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸላሚ ሆነ። እዚህ ቢሆን ኖሮ «ሲስተም አምጣ» ተብሎ የቡቲክ ዕቃ ሲመዘግብ ነበር የምናገኘው።

«እሱ እንግሊዝ ነው» አትበሉኝ፤ ስለ ሀብታም ከተማ ብቻ አይደለም የማወራው። ፕሌይስቴሽን ቤት ያደጋችሁ ሁሉ ጂቲኤን ታውቃላችሁ። የመጀመሪያው ጂቲኤ በ1997 የተሠራው ስኮትላንድ ውስጥ ደንዲ በምትባል ከተማ ነው። ደንዲ በፋብሪካ ትኖር የነበረች፣ ፋብሪካዎቿ ሲዘጉ ሥራ ያጣች ከተማ ናት። ጌሙን የሠራውን ድርጅት የመሠረተው ሰው ራሱ ከከተማዋ የታይሜክስ ፋብሪካ ሥራው የተቀነሰ፣ ከዚያ እዚያው ደንዲ ኮሌጅ ገብቶ የተማረ ነው። በዚያው በ1997 የከተማዋ አበርቴ ዩኒቨርሲቲ በዓለም ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የሆነውን የኮምፒውተር ጌም ዲግሪ ከፈተ። ዩኒቨርሲቲው የከተማው ልጆች የሚሠሩትን አየና በሩን ከፈተላቸው። እኛ ጋ ልጆቹ ፕሮፖዛል ይዘው በሩ ድረስ ይመጣሉ፣ በሩ ይዘጋባቸዋል።

አሁን ደግሞ ተቃውሞዎቹን ልመልስ፤ ኮሜንት ላይ መምጣታችሁ አይቀርም።

«ልጆቹን የጌም ሱሰኛ ልታደርግ ነው።» እዚህ ላይ ከወላጆች ጋር ነኝ። መጫወት ሌላ፣ መሥራት ሌላ። ሥጋ ቤት የሚያዘወትር ሁሉ ወጥ ሠሪ አይሆንም። «ጌም በጣም ስለምወድ ኮምፒውተር ሳይንስ እገባለሁ» ለሚለኝ ተማሪ ሁልጊዜ የምጠይቀው አንድ ነው፦ እስካሁን ምን ሠራህ? አንዲት ኳስ ግድግዳ እየመታች ስትመለስ የሚያሳይ ፕሮግራም ጽፈህ ታውቃለህ? ካልጻፍክ ገና ጌም መጫወት ነው የምትወደው። ጽፈህ ከወደድከው ና፣ እናውራ። ብዙ ሱሰኛ ደግሞ ከውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ሲያይ የመጫወት ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ ጊዜውን ባግ ፍለጋ ይበላበታል።

«ሥራ የለውም።» እውነቱን እንነጋገር። አገር ውስጥ የጌም ድርጅት በጣት የሚቆጠር ነው። ውጭም ቢሆን በ2023 ብቻ ከ10 ሺህ በላይ የጌም ባለሙያዎች ከሥራ ተቀንሰዋል። ስለዚህ ማንንም «ጌም ሠርተህ ሀብታም ትሆናለህ» ብዬ አልዋሽም። እኔ ያልኩት ኮምፒውተር ሳይንስ ተማር፣ ጌሙን መለማመጃ አድርገው ነው። ገበጣውን ከነኔትወርኩ አስተካክሎ የሠራ ልጅ የባንክ አፕ መሥራት አያቅተውም፤ ቀጣሪ ፊት ስልኩን አውጥቶ «እኔ ነኝ የሠራሁት፣ ይሞክሩት» ማለት ይችላል። ስም የቀየረ ልጅ ኢንተርቪው ላይ «ይሄ መስመር ምን ይሠራል?» ሲባል ነው የሚያልበው። ሥራ ከሌለ ደግሞ ሥራ የሌለው ለሁለቱም ነው፤ አንደኛው ግን ሙያ በእጁ አለ።

«ዕቃ የለንም።» መብራት ይጠፋል፣ ላብ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር አርጅቷል፤ እኔ ይሄንን አላውቅም? ግን ገበጣ ጂፒዩ አይፈልግም። ጎዶት የሚባለው የጌም መሥሪያ ነፃ ነው፣ ዳውንሎዱ ከአንድ ፊልም ያንሳል፣ ከአንዱ ፍላሽ ወደ ሌላው ይገለበጣል። የሃርቫርድ የጌም ዴቨሎፕመንት ኮርስ እንኳ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ተቀምጧል። በዚያው የአምናውን ኮድ በምታመላልሱበት ፍላሽ እሱን አመላልሱ።

«ገበጣ እኮ ተሠርቷል።» አዎ፤ የአገራችን ልጆች ድርጅት ቅኔ ጌምስ ገበጣንም፣ እየሮጠች የምታመልጠዋን ዶሮ «ኩኩሉ»ንም ሠርቷል። ክብር ይገባቸዋል። እንደሚቻል ያሳዩን እነሱ ናቸው። ግን የሆቴል ሲስተምስ ስንት ጊዜ ተሠራ?

«የማኅበረሰብ ችግር አይፈታም።» ልጆቻችን ቀኑን ሙሉ በሰው አገር መንገድ፣ በሰው አገር መኪና፣ በሰው አገር ቋንቋ ሲጫወቱ ይውላሉ። ስለ ገበጣ ያላቸው እውቀት አያቶቻቸው ጋር እያለቀ ነው። ይሄ ችግር ካልሆነ ምን ችግር ይባላል? ሰው መጫወትም ይፈልጋል፤ ይሄ ፍላጎቱ ነውር የሆነው መቼ ነው?

ስለዚህ የምጠይቀው ይሄን ነው።

የዲፓርትመንት ኃላፊዎችና አማካሪ መምህራን፣ ሸክማችሁን አውቃለሁ፤ አንዱ መምህር ስንት ቡድን እንደሚያማክር ሰምቻለሁ። ቢሆንም ፕሮፖዛልን በርዕሱ አትመልሱ። ውስጡ ስንት የኮምፒውተር ሳይንስ ሐሳብ እንዳለው ቁጠሩና ፍረዱ። ዲፌንስ ላይ ቀለም መጠየቁ ይቅርና ተማሪው ፊታችሁ አንድ ሕግ ቀይሮ ያሳያችሁ። «አሁን በየጉድጓዱ 3 ጠጠር አድርገው» በሉት። የራሱ ከሆነ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም፤ የሰው ከሆነ እዚያው ታውቁታላችሁ። ይሄ ለጌምም ለሲስተምም ይሠራል።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ኮምፒውተር ላይ ተጥዶ ሲያመሽ ከመቆጣታችሁ በፊት «የሠራኸውን አሳየኝ» በሉት። የሚያሳያችሁ ካለው ተዉት ይሥራ። ከሌለው ያን ጊዜ ተቆጡ፤ እኔም አግዛችኋለሁ።

ተማሪዎቼ፣ የአሁኖቹም የቀድሞዎቹም። ርዕሳችሁ ተመለሰ ማለት ሥራው ተከለከለ ማለት አይደለም። ለነጥብ የተባላችሁትን አስገቡ፤ ተርፋችሁ ቅዳሜ ቅዳሜ የራሳችሁን ሥሩ። ትንሽ ጀምሩ። እንደ ጂቲኤ ያለ ነገር የሚሠራው በብዙ መቶ ሰው፣ በብዙ ዓመት ነው፤ ከዚያ የሚጀምር ሰው በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል። መጀመሪያ ገበጣ፣ ወይም ግድግዳ የምትመታ ኳስ። ጨርሱትና ለታናሽ ወንድማችሁ ስጡት። የት ቦታ እንደሚሰለቸው ተመልከቱ። ከዚያ አስተካክሉ።

ትንሽም ብትሆን የጨረሳችሁት ጌም ያላችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡ ወይም በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ባግ ቢኖረውም ችግር የለም። ለዘጠነኛ ክፍሎቹ ላብ ውስጥ ከፍቼ አሳያቸዋለሁ፤ የሠራው እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተማረ ልጅ ነው እላቸዋለሁ። አማካሪ መምህር የምታውቁ ደግሞ ይሄንን ጽሑፍ ላኩለት። ከተናደደ መልሱን ይጻፍልኝ፤ አነባለሁ።